የቃሬዛው ማኅበር በዓል

«…በነዚህ ሃያ አምስት ዓመታት ውስጥ የማኅበራችንን በር አንኳኩቶ ባዶ እጁን የተመለሰ አንድም ሰው የለም» ብላ ዙቤይዳ ጮክ ብላ ስታነብ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሲያወራ የነበረው ራዲዮ ቀጭ ብሎ ጠፋ። ቲጃኒ አንድ ጉንጩን ተላጭቶ ሌላውን ሳሙና እንደቀባ ምላጩን አየር ላይ አቆመው። ልጁ ምንም እንዳልሰማች ወደሚቀጥለው መስመር አለፈች። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ በአንድ ማገር የተዋቀረ የሁለት ቤት ግድግዳ። ወዲህ ቲጃኒ አናጺው፣ ወዲያ ለይኩን ድሬሰሩ ሠላሳ ዓመት ኖረውበታል፤ ኪራዩ ድሮ ለባለቤቱ ነበር፣ አሁን ለቀበሌ በወር ስምንት ብር ከሃምሳ ነው። ከሠላሳው ዓመት ሃያ አራቱን በቡጢ እየደበደቡ ተጠራሩበት፤ «ጨው አለህ ወይ?»፣ «ተነስ፣ ከሰቃ ሰው መጥቷል!» ይባባሉበት ነበር። በመጨረሻዎቹ ስድስት ዓመታት ግን የግድግዳው ሥራ መስማት ብቻ ሆነ። ቲጃኒ የለይኩን ራዲዮ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ የለይኩን ሚስት ሸዋረገጥ ሳህን ስታጥብ የትኛውን ሳህን መጨረሻ እንደምታጥብ ያውቃል። እነሱም የእሱን ሳል ያውቃሉ። ሳሉንማ በደንብ አድርገው ያውቁታል።

«ይቺን መስመር አውጪልኝ» አለ ቲጃኒ።

«የቷን?»

«አሁን ያለፍሻትን።»

ዙቤይዳ ወረቀቱን አገላበጠችው። የአባቷ ዓይን ስለደከመ፣ ዛሬ በማኅበሩ በዓል ላይ የሚያነበውን ሪፖርት በትልልቅ ፊደል የገለበጠችለት እሷ ነች፤ ዋናው ግን በካድሬው እጅ ተስተካክሎ፣ ማኅተም ተመትቶበት የመጣ ነው። «አባ፣ ጓድ አብተው ፈርመውበታል እኮ» አለች፤ ድምፅዋን ለግድግዳው ብላ ዝቅ አደረገች። «አንድ ቃል ብትጎድል የምትጠየቀው አንተ ብቻ አትምሰልህ። ባሌም የመንግሥት ሠራተኛ ነው።» ዙቤይዳ ከስድስት ዓመት በፊት አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ነገሩ በሆነ ቀን እዚሁ ቤት፣ እዚሁ መጋረጃ ሥር ተቀምጣ ነበር። ስለዚያ ቀን አባትና ልጅ አንድም ጊዜ አውርተው አያውቁም፤ ዛሬም አላወሩም። እሷ ሸሚዙን ልትተኩስ ካውያው ውስጥ ፍም ጨመረች። «ከሰል ጆንያው ስድስት ብር ገባ» አለች። «ስድስት?» አለ እሱ። «ስድስት።» «ያ ረቢ!» አለና ቀሪውን ጉንጩን ተላጨ። እንዲህ ነው የሚኖሩት፤ ከሰልና ስኳር ባይወደዱ ኖሮ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት ነገር አይኖራቸውም ነበር።

የቃሬዛው ማኅበር ነገር እንዲህ ነው። በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና አገሮች መኪና የማይደርስበት ቀዬ ይበዛል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ደግሞ ከወሎም ከከምባታም ለለቀማ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ሠራተኛ ጫካ ውስጥ ወባ ይጥለዋል። በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ምጥ የጠናባት አንዲት ሴት መሰላል ላይ ታስራ ሰቃ ከምትባለው የገጠር ከተማ በኩል ስትመጣ ከተማው አፋፍ ላይ ሞተች። በማግስቱ ቲጃኒ ከዋንዛ እንጨት የመጀመሪያዋን ቃሬዛ ሠራ። ለይኩን ደግሞ የተሰበረ ሰው እንዴት እንደሚነሳ፣ ደም እንዴት እንደሚቆም ለጎረምሶች አስተማረ። እስላሙም ክርስቲያኑም ተመዘገበ፤ ሸማኔው፣ ሥጋ ሻጩ፣ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ሳይቀር። አራት ይሸከማል፣ አራት ይከተላል፣ በየዳገቱ ይቀያየራል። በረመዳን ረጅሙን መንገድ ክርስቲያኖቹ ይወስዳሉ፤ በሁዳዴ ደግሞ እስላሞቹ። የበሽተኛው ቤተሰብ ከውሃ በቀር እንዲሰጣቸው አይፈቅዱም፤ ዶሮ ሊያርድ የተነሳ ካለ ቃሬዛውን አስቀምጠው እንደሚሄዱ ያስፈራሩታል። አስቀምጠው ግን አይሄዱም። ስንት ሰው በነሱ ትከሻ ድኗል ቢባል ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቀው ለይኩን ብቻ ነበር፤ እሱ መምጣት ካቆመ ወዲህ ቁጥሩም ተምታታ።

ማኅበሩ አንድ ደንብ አለው። መሥራች አባል ለስብሰባ በወረቀት አይጠራም፤ ሊቀመንበሩ በእግሩ ሄዶ፣ ደጁ ቆሞ፣ በአፉ ይጠራዋል። ቲጃኒ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ለይኩንን ያስጠራው በጸሐፊው እጅ፣ በወረቀት ነው። የዘንድሮውም ወረቀት ከሳምንት በፊት በበሩ ሥር ገብቷል። ያ ራዲዮ ባይጠፋ ኖሮ ዛሬም በዚያው ባለፈ ነበር። ሸሚዙን ለበሰ፣ ኮቱን ደረበ፣ ኮፍያውን አስተካከለና ወጣ። ከደጁ እስከ ለይኩን ደጅ አምስት እርምጃ ነው። አምስቱን እርምጃ ሲራመድ ላብ አሰመጠው።

የከፈተችለት ሸዋረገጥ ነች። ከትከሻዋ በላይ ቤቱ ይታያል። ሁለት የዋንዛ ወንበሮች፣ ለሠርጋቸው ራሱ የሠራላቸው፤ በነጠላ የተሸፈነ ጠረጴዛ፤ አልጋ። ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ጋዜጣው በጭስ ወይቧል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ የእጅ መሐረብ በምታህል ስፋት፣ ወረቀቱ ዛሬ የተለጠፈ ይመስል ነጭ ነው። የልጃቸው ፎቶግራፍ የነበረበት ቦታ ነው። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ሰው ሁሉ በፍርሃት ፎቶግራፍ አውርዶ ነበር፤ ብዙዎቹ ኋላ መልሰው ሰቀሉ፣ እነሱ ግን አልሰቀሉም። ለይኩን ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ሸዋዬ፣ እንደምን አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

እርስዎ። ሃያ አራት ዓመት «አንተ ቲጃኒ» ስትለው የኖረች ሴት ነች። ቲጃኒ ኮፍያውን ነካ አደረገ። «በዓሉ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ለይኩንን በአፌ ልጥራው ብዬ…»

«ወረቀቱ ደርሶናል።»

«አውቃለሁ። ግን ደንቡ…»

ሸዋረገጥ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ለይኩን የጠፋውን ራዲዮ ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ፊቱን አላዞረም። «ሰምቷል» አለች። በሩን አልዘጋችውም፤ ከበሩ ላይም ገለል አላለች። ቲጃኒ «በሉ እንግዲህ» ብሎ ተመለሰ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለይኩን ዞር ብሎ እንዲያየው። ቢሰድበውም ግድ አልነበረውም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ቲጃኒ ግን ወግቶም መርሳት አቅቶት ነው የኖረው። ነገሩ በጥር ሰባ ነው። እሱባለው፣ የለይኩንና የሸዋረገጥ አንድ ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከቤቱ በተወሰደ በማግስቱ ከገበያው ማዶ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ረፋድ ላይ «ቤተሰብ ያንሳው፤ ለቅሶ ግን የለም» ተባለ። ለይኩን በቀጥታ ወደ ቲጃኒ ደጅ መጣ። የመጣው ሌላው ሰው ሁሉ ሃያ ዓመት ሲመጣ እንደኖረው ነው፤ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። «ቃሬዛና ሦስት ሰው» አለ። ሦስት ያለው አራተኛው እሱ ስለሆነ ነው። ቲጃኒ ከመጋረጃው ኋላ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት የሰው ሬሳ ለማንሳት ያገዘ ሰው ራሱ ተወስዶ እንደቀረ ሰምቷል። ሚስቱ ፈድሊያ ዓይኑን አየችው፤ እሱ ራሱን ወዘወዘ። ፈድሊያ ወጣ ብላ «ሰቃ ሄዷል» አለች። ይህን ጊዜ ነው ሳሉ ያመለጠው። አንዲት ሳል ብቻ። ለይኩን «እሺ እህቴ፣ ሲመጣ ሰላም በይልኝ» ብሏት ሄደ። ከሰዓት በፊት ቲጃኒ በመዝጊያው ስንጥቅ አየው፤ ልጁን አዝሎ፣ ጎብጦ፣ ብቻውን መጣ። እሱባለው ቁመተ ረጅም ስለነበረ እግሩ መሬቱን ይነካ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ዳር ዳር ቆሞ ያያል፤ የሚጠጋ የለም። ፈድሊያ ከሁለት ዓመት በፊት እስክትሞት ድረስ ያን ቀን አላነሳችበትም፤ ውሸቱ የሱ፣ አፉ የሷ ነበር። ሸዋረገጥ ለለቅሶዋ ሦስት ቀን መጥታ፣ ማንንም ሳታናግር ተቀምጣ ሄዳለች። ለይኩን አልመጣም።

በስምንት ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ቀይ ጨርቁ፣ መፈክሩ፣ የወጣት ማኅበሩ ከበሮ፣ አንዱም አልጎደለም። አራቱ ቃሬዛዎች መድረኩ ሥር በወረቀት አበባ ተሸልመው ተደርድረዋል። ቲጃኒ የገዛ እጁን ሥራ እንዲህ ተኳኩሎ ሲያየው ሳቁ መጣ፤ እነዚያ ቃሬዛዎች ደም እንጂ አበባ አያውቁም። ከሰቃም፣ ከሰኮሩም፣ ከየገጠሩም ሰው መጥቷል። ትከሻቸው የጎበጠ የድሮ ተሸካሚዎች ተቃቅፈው «አካም ጂርታ? አለህ እንዴ አንተ!» ይባባላሉ። አንዲት ዘይቡ የምትባል የሰቃ ሴት ትልቅ ጎረምሳ እየጎተተች መጣችና ከሁለተኛዋ ቃሬዛ ፊት አቆመችው። «ጅብሪል፣ ተመልከት፤ እዚህችው ላይ ነው የወለድኩህ። ዳገቱ መሐል ላይ። እነዚህ ሰዎች ፊታቸውን አዙረው ቆሙልኝ፣ ያ ድሬሰሩ ብቻ አዋለደኝ» አለችና የቃሬዛዋን እጀታ ሳመች። ዙሪያውን አየችና ቲጃኒን «ገለቶማ አባ፣ አላህ ይስጥልኝ። ያ ድሬሰርስ የታለ? ሞተ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። «የለም፣ አለ። ቤቱ ነው» አላት። «አሞት ነው?» አለች። ቲጃኒ ሰው የጠራው መስሎ ዞር አለ። ሦስት መቶ ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ እንደዚያን ጊዜ ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም።

ጓድ አብተው ንግግር አደረገ። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ከደሴ የመጣ የቀድሞ አስተማሪ ነው፣ ማይክራፎን ሲይዝ ግን መልቀቅ ይቸግረዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለና አርባ ደቂቃ ተረተው። ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ የማስጨብጨብ ኃላፊነት ተሰጥቶታል፤ ተናጋሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ያጨበጭባል፣ አዳራሹም ይከተለዋል። ከዚያ ሊቀመንበሩ ሪፖርቱን እንዲያነብ ተጋበዘ። ቲጃኒ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። የተሸከሟቸውን ወላዶች፣ በኮሌራው ዓመት የተመላለሱበትን መንገድ፣ ከዛፍ ወድቆ አከርካሪው የተሰበረውን ቡና ለቃሚ፣ በጎርፍ ቀን የአወቱን ወንዝ ቃሬዛ በራሳቸው ላይ ተሸክመው የተሻገሩትን ስምንት ሰዎች ሁሉ በየስማቸው ጠራ። እውነት ነበር፤ ሁሉም እውነት ነበር። እያነበበ ሳለ ልቡ ሞቀው። እነዚያ ሰዎች ለዚህ ከተማ ያላደረጉት የለም። ይህን ሁሉ የሠራ ማኅበር ለምን አንዲት ውሸት ይጨመርበታል ሲል አሰበ። ደግሞ የዙቤይዳ ባል ትዝ አለው። ደግሞ ቀጭ ብሎ የጠፋው ራዲዮ። «…የማኅበራችንን በር አንኳኩቶ ባዶ እጁን የተመለሰ…» አለና ቆመ። ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አነሳ።

«አንድ ሰው አለ» አለ። «ቤቴ ድረስ መጥቶ ቃሬዛና ሦስት ሰው ጠየቀኝ። ሰቃ ሄዷል አስባልኩ። ቤት ነበርኩ፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰውየው የልጁን ሬሳ ብቻውን ተሸከመ።»

ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገና ትንፋሽ ወሰደ። ይህን ጊዜ ያ የፊት ወንበሩ ጎልማሳ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ አጨበጨበ። አዳራሹ ተከተለው። ግማሹ ሕዝብ የተባለውን አልሰማም፤ ማጨብጨብ ሲመጣ ያጨበጭባል። የሰማው ግማሽ ደግሞ እንደሰማ እንዳይታወቅበት ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። የወጣቶቹ ከበሮ ተመታ፣ እልልታ ተጨመረ። ቲጃኒ በሕይወቱ እንዲያ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ጓድ አብተው እያጨበጨበና ፈገግ እያለ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ደግሞ ከየት መጣች? ሰኞ ጠዋት ቢሮ ብቅ ይበሉ» አለው። ቲጃኒ ግን አሻግሮ ያያል። ከወደ በሩ አንዲት ሴት ቆማለች። መቼ እንደገባች አላየም። ሁለት እጆቿ ነጠላዋ ውስጥ ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሐል አላወጣቻቸውም። ሸዋረገጥ ነች።

ሻይና ዳቦ ታደለ፣ ዲፕሎማ ተሰጠ። ቲጃኒ በመስተዋት የተለበጠውን ዲፕሎማ በብብቱ ይዞ ሲወጣ ዙቤይዳና ባሏ ቀድመውት እየሄዱ ነበር። ልጁ ዘወር ብላ አየችው፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ፍርሃትም ነበረበት፣ ሌላም ነገር ነበረበት፣ ግን ባሏ ክንዷን ይዞ ወሰዳት። ሸዋረገጥ ከአጥሩ ሥር ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«ስሙን አልጠሩትም» አለችው። «ወላዶቹን ሁሉ በስም ጠሩ። የቡና ለቃሚውን ስም ጠሩ። የልጄን ግን አልጠሩም።»

ቲጃኒ አፉን ከፈተ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ስም አላነሳውም፤ በልቡ እንኳ «ያ ልጅ» ነበር የሚለው። «እሱባለው» አለ። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ዞር አሉ። «እሱባለው ለይኩን።» ድምፁ ተሰበረ። «አጉርሼው ነው እኮ ያደገው። ከዙቤይዳ እኩል በትከሻዬ ነው ያደገው፣ ሸዋዬ።»

«ለእኔ አይደለም» አለች ሸዋረገጥ። አላለቀሰችም። «እኔ ፈርተው እንደነበር አውቃለሁ። ማን ያልፈራ ነበረ? ፈድሊያም በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ይቅር በይኝ ብላኛለች፤ ብያታለሁ። መስማት ያለበት ለይኩን ነው። ስድስት ዓመት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የሚኖር ሰው ምን እንደያዘ አላውቅም። እኔን አያናግረኝም። ልጁን አምጥቶ አልጋው ላይ ካስተኛው ቀን ጀምሮ ስለዚያ መንገድ አንድ ቃል አልነገረኝም።» ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ መንገድ ጀመረች። ትንሽ ሄዳ «አትመጣም እንዴ?» አለችው። አንተ ማለቷን እሷም ያወቀችው አልመሰለም።

የግንቦት ደመና ከተማው ላይ ወርዷል። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ሳይነጋገሩ ሄዱ። ቤት ሲደርሱ በሩን ለቀቀችለትና ራሷ ወደ ጓሮ ዞረች። ለይኩን እዚያው ጠዋት በነበረበት ነው። ቲጃኒ ዲፕሎማውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ከበሩ ውጪ፣ መሬቱ ላይ ተወው። ገባና በሁለተኛው የዋንዛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ተንቋቋ፤ ስድስት ዓመት እንግዳ አልተቀመጠበትም።

«ቤት ነበርኩ» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ለይኩን።

«ፈራሁ። ወላሂ ፈራሁ። ፈድሊያን ያስዋሸኋት እኔ ነኝ።»

ዝናቡ መጣ፤ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ኳ ኳ አደረገ፣ ኋላ አንድ ላይ ወረደ። ቢነጋገሩም የሚደማመጡበት አልነበረም፤ ይህም ለሁለቱም እረፍት ነበር። እንዲህ ሆነው ቆዩ። ጓሮ ውስጥ ሸዋረገጥ የዝናቡ ውሃ ሥር ባልዲ ስታስቀምጥ ተሰማ። ዝናቡ ሲያባራ ቲጃኒ ሌላ የሚለው እንደሌለ አወቀ። የመጣበትን ተናግሯል፤ ይቅር በለኝ ለማለት ግን አፉ እምቢ አለው፤ ይቅር የሚባል ነገር መስሎ አልታየውም። ጉልበቱን ይዞ ተነሳና ወደ በሩ ሄደ።

«ቲጃኒ» አለ ለይኩን።

ቲጃኒ ቆመ። ለይኩን ዞሯል። ፊቱ አርጅቷል፤ ድምፁን በየቀኑ በግድግዳው ሲሰማ የኖረ ሰው ፊቱ እንዲህ ማርጀቱን አላወቀም ነበር።

«ሁለት ቦታ አስቀመጥኩት» አለ ለይኩን። «አንዴ ከገበያው እንደወጣሁ፣ አንዴ ድልድዩ ላይ። መሬት ላይ፣ አቧራው ላይ አስቀመጥኩት። ትንፋሼ እስኪመለስ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ለእናቱ አልነገርኳትም። አባት እንዴት እንዲህ ይላል ብዬ ለማንም አልነገርኩም።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተመለከታቸው። «ከበደኝ፣ ቲጃኒ። ልጄ ከበደኝ።»

ቲጃኒ ተመልሶ ተቀመጠ።